ቅኔ የሚቆጥርን ሰላም አይሉትም

እኔ ቅናተኛ ነኝ። አሁን ስላረጀሁ የምናዘዘው አይደለም፤ ያኔም አልደብቀውም ነበር። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን በሠራ በዓመቱ፣ ከፈጠም ገደል አፋፍ ባለች ደብር ቅኔ እንማር ነበር። ከሠላሳው ተማሪ ሁሉ የምቀናው በደረሰ ነው። ደረሰ የቋሪት ልጅ ነው። መወድስ የሚባለው ትልቁ ባለ ስምንት ቤት ቅኔ እኔን ሁለት ዓመት ሲያንገላታኝ እሱ በስድስት ወር ገባበት። ጎጆአችን አንድ፣ ቁራሽ የምንለምንባት አኩፋዳም አንድ። አብረው እየበሉ መቅናት ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል።

በታኅሣሥ እናቱ፣ እህል ሊወቃ ነውና መጥተህ ወንድምህን አግዝ ብላ ላከችበት። መወድስ ጀምሬ እንዴት ልሂድ ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ከጅጋ ገበያ የተመለሰ ሰው መርዶ ይዞ መጣ፤ አውሮፕላን አውድማው ላይ ቦምብ ጥሎ ወንድሙን ታከለን ገድሎታል፣ ተቀብሯልም አለ። እኛም ደንቡን አደረስን። እግዜር ያጥናህ አልነው። የኔታ ሙጬ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። የደብሩ ጎረቤት እማዋይሽ ንፍሮ ቀቅላ ላከች። ደረሰ አላለቀሰም። ከልብ ካዘኑ እንባ አይገድም ይባላልና፣ ይህስ ብዙም አላዘነም ብለን ንፍሮውን ጨረስን።

በማግስቱ ደረሰ ደበሎውን ተከናንቦ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠ።

የእኛን ደንብ ለማያውቅ ልንገር። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚያወጣው ከሰው ርቆ፣ ተከናንቦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው፤ ይህን መቁጠር እንለዋለን። የሚቆጥር ሰው ምግብ ቢረሳ፣ ፊቱን ባይታጠብ፣ ብቻውን ቢያወራ ማንም ጉድ አይልም። ሰላምም አይሉትም፤ ሰላም ካሉት የቆጠረው ቤት ይፈርስበታል። ስለዚህ ደረሰን ማንም ሰላም አላለው።

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። እማዋይሽ ይህ ልጅ ከስቷል፣ አንድ ነገር አለበት ብትለን፣ አንቺ ስለ ቅኔ ምን ታውቂያለሽ አልናት። የኔታማ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህን ያህል የተቆጠረ መወድስ ሲዘረፍ አገር ይደነግጣል እያሉ ለእኛ ምሳሌ አደረጉት። እኔ ድርሻውን ቁራሽ ስወስድለት በእጁ ጠቅሶ ብላው ይለኛል፤ እበላዋለሁ። ጾሙን ነው ብዬ በጾሙም ቀናሁበት።

አንድ ቀን ከምሽጉ ሦስት ባንዶች መጡና፣ ያ ገደሉ ላይ የሚቀመጠው ሰው መንገዱን የሚሰልለው ለማን ነው አሉ። የኔታ ቅኔ እየቆጠረ ነው አሏቸው። ባንዳም ቢሆኑ የጎጃም ልጆች ናቸውና ገባቸው። እንዳይረብሹት በጓሮ ዞረው ሄዱ።

በአርባኛው ቀን ገደማ ቅናቴ አላስቀምጥ አለኝ፤ ቅኔውን ልሰርቀው ወሰንሁ። በቀጋው ሥር በደረቴ ተስቤ፣ እሾሁ ጀርባዬን እየቧጨረኝ ተጠጋሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ግእዝ ስጠብቅ ነገሩ አማርኛ ነው። ብሄድ ኖሮ ይላል። መልሶ ብሄድ ኖሮ ይላል። እኔ ሞኙ ቃሉን ተቀብዬ፣ ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁ የት ነው እያልሁ ስመረምር ቆየሁ።

ከዚያ እግሮቹን አየሁ። ሁለቱም ከአፋፉ ውጭ ተንጠልጥለዋል። ደበሎውን አውልቆ አጥፎ አስቀምጦታል፤ በላዩ ላይ ዳዊቱን አድርጓል፤ ለሚወርሰው ሰው አሰናድቶ የሄደ ያህል። ቅናቱ በአንድ ጊዜ ጥሎኝ ሄደ፣ የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነው። እንዳልጮህ ደንግጦ ይወድቃል። ዘልዬ እንዳልይዘው ሩቅ ነው። ደንቡን ከማፍረስ በቀር ምንም አልነበረኝም። ቆምሁና፣ ገበያ ላይ የተገናኘን ይመስል ቀስ ብዬ ሰላም አልሁት።

«ደረሰ፣ እንደምን ሰነበትህ?»

ፊቱን አላዞረም። «ደኅና አይደለሁም» አለ።

በአገራችን የዚህ ሰላምታ መልስ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። የሚሞትም ሰው እንዲያ ነው የሚመልሰው። ሌላ መልስ ሰምቼ ስለማላውቅ ምን እንደሚባል አላወቅሁም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁና እጀ ጠባቡን ጨምድጄ ያዝሁ። አለቀሰ። የአርባውን ቀን ለቅሶ ሁሉ አለቀሰ። እኔም ቁራሹን እየበላሁ ስለከረምሁ አፈርሁና አለቀስሁ።

ከአፋፉ ይዤው ተመለስሁ። የኔታ ሲሰሙ መጀመሪያ የተቆጡት ለምን ሰላም አልኸው ብለው ነው። ነገሩን ስጨርስላቸው ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ተሰብስበው ገሚሱ ለትምህርት ይበጃል የሚባለውን አብሾ ጠጥቶ ነው አለ፤ ገሚሱ ጋኔን ነው፣ ጠበል ይወሰድ አለ። የኔታ እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉ። «ይህ ልጅ መቼ ደበቀ? አርባ ቀን አደባባይ ተቀምጦ አሳየን።»

ጠበሉም ይሁን፣ ግን ከእንግዲህ ብቻውን አይዋል ብለው በተራ መደቡን። የመጀመሪያውን ተራ ራሳቸው ወሰዱ፤ ያን ቀን ትምህርት አልነበረም። ማጽናናት የሚችል ከመካከላችን አንድም ሰው ስላልነበረ አብዛኛው ወሬያችን የበሬ ወሬ ነው። ደረሰ ስለ በሬ ያውቃል፤ ስንሳሳት ያርመን ጀመር። መብላትም ጀመረ። እናትህን ሂድና እያት ስንለው ግን በምን ዓይኔ ይላል።

በየካቲት መጨረሻ የኔታ ወስደህ አድርሰው ብለው አዘዙኝ። መንገዱን ጣልያን ስለያዘው በጅጋ ጀርባ፣ በእርሻ ለእርሻ ሁለት ቀን ሄድን። ከገበዝ ማርያም ወዲያ ቤታቸው ስንደርስ እናቱ ወለተ ኢየሱስ ደጅ ተቀምጣ ጤፍ ታበጥራለች። ደረሰ እግሯ ላይ ወደቀ። ብመጣ ኖሮ ብሎ ጀመረና ቀሪው አልወጣ አለው። እሷም እስኪወጣለት አልጠበቀችም።

«ብትመጣ ኖሮማ ሁለት እቀብር ነበር» አለችው። «ይልቅ ከዚያ ወዲያ ለምን ቀረህ? ብቻዬን አለቀስሁ እኮ።»

እሷ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት፤ ደረሰም ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።