ፍሬን ያለው ማስተር

ሬሐና በማለዳ ተነስታ ሰገደች፤ ለልጆቿ ዳቦና ሻይ አቀረበች፤ የግቢውን የቆርቆሮ በር ከፈተች። በጅማ መንገድ አይሱዙዎች እያጓሩ ያልፋሉ። ሰበታ እንደ ወትሮዋ ነበረች። ግቢው ውስጥ ከተጋጩ መኪኖች የተፈታ ዕቃ ተቆልሏል፤ በመካከሉ አሮጌዋ ዲኤክስ ቆማለች። ባሏ የህያ የቤንዚን ሞተሯን አውጥቶ፣ ከተጋጨ ሃይብሪድ የፈታውን ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሞላት፣ አንድ ነገር ሲቀረው ሞተ።

የቀረው ፍሬኑ ነበር። የቤንዚን ሞተሩ ከወጣ ወዲህ እግርን የሚያግዝ ኃይል ስለሌለ ፔዳሉ ደርቋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የሃይብሪድ ፍሬን ማስተር ያስፈልጋል። የህያ የፈታው መኪና የተጋጨው በፊት ለፊቱ ስለነበር የእሱ ማስተር ደቋል።

"እስከ ዓርብ በራሷ ከግቢ ካልወጣች ለቆራሌው እሰጣታለሁ" ብሏል የሟቹ ወንድም ሀሰኖ። "ሬሳ ቤት አያድርም።"



ሱሉልታ ከኋላ የተመታ ሃይብሪድ መኖሩን የነገሯት መካኒኩ ኦቦ ኢተፋ ነበሩ። ማክሰኞ በእሳቸው ፒክአፕ ሄደው ማስተሩን ፈቱ፤ በጆንያ ጠቅልለው ከኋላ ጫኑት። ወሩ ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል።

"በቡራዩ ዞረን እህቴን ልያት፤ ስልኳ እምቢ አለኝ" አሉ።

"ይሁን፣ ኦቦ ኢተፋ። ግን ቶሎ እንውጣ።" በየደቂቃው ዞር እያለች ጆንያውን ታያለች።

ቡራዩ መግቢያ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይጨሳል። ወጣቶች ፒክአፑን ከበቡት። አንዱ፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ፣ ከኋላ ወጥቶ ጆንያውን አነሳ።

"እህቴ፣ ምንድነው ይኼ?"

ሬሐና ጋራዥ እንደሚጠሩት ጠራችው። "ማስተር ነው።"

"ምን?"

"ማስተር። ሱሉልታ ፈትተነው ወደ ሰበታ እየወሰድነው ነው።"

"ስሙ እንጂ! ማስተሩን በጆንያ ሰበታ ሊያስገቡት ነው!"

"ማስተር ሂን በርባንኑ! አንፈልግም!" አለ ሌላ ድምፅ ከኋላ። ድንጋይ የጨበጡት ቀረብ ቀረብ አሉ።

ኦቦ ኢተፋ ዘለው ወረዱ። "ፍሬኒ ዳ፣ ያ ኢጆሌ! የመኪና ፍሬን ነው፣ ልጆች! እናንተን ያስቸገራችሁ ፍሬን የሌለው ማስተር ነው፤ ይኼ ፍሬን ያለው ነው!"

አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተያያዘ።

"አባባ፣ እንግዲያው ለመንግሥት ይግጠሙለት!"

ባለቢጫ ሹራቡ ጆንያውን አቅፎ ወረደ። "ይከብዳል እኮ! ይቅርታ እህቴ፣ ጋቢና ላስገባልሽ" እያለ ወደ በሩ ሲጠጋ ተኩስ ተሰማ። ሁሉም ተበተነ። እሱም ሮጠ፤ ጆንያውን መጣል እንኳ አላሰበም።

"ማስተሩን! ማስተሩን!" ብላ ጮኸች ሬሐና። ኦቦ ኢተፋ ዘለው ገብተው አንገቷን ይዘው ወንበሩ ሥር ደፏት።

ሐሙስ ብቻዋን ቡራዩ ተመለሰች። ጆንያ የያዘ፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ ወጣት አይታችኋል እያለች ሱቅ ለሱቅ ስትጠይቅ አንዲት ሴት ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ጨበጠች። ማሪቱ ትባላለች።

"ቢጫ ሹራብ ነው ያልሽው? ልጄ ነው፤ ኦብሳ ነው! የት አየሽው? ተጎድቶ ነበር?"

ሬሐና መልኩን ልትነግራት ፈለገች። የምታስታውሰው ጆንያውን፣ የታሰረበትንም ሲባጎ ነበር።

"የያዘው ነገር ይከብዳል? መሮጥ አቅቶት ይሆን?"

"አይከብድም" አለች ሬሐና።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጆንያው ማንንም አልጠየቀች። ከማሪቱ ጋር ክሊኒኩን ሁሉ አዳረሱ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ነገ ተመለሱ ተባሉ። ዓርብ ቆራሌው ሰው ይዞ መጥቶ ዲኤክሷን በገመድ ጎትቶ ሲያወጣት ሬሐና ግቢው ውስጥ አልነበረችም። ቡራዩ፣ ጣቢያው በር ላይ ከማሪቱ ጎን ቆማ ነበር።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ። ኦብሳ አልተገኘም።