አጃኢብ ያለችበት እሳት

ሀፊሳ ከወሎ መጥታ መቀሌ ከከተመች ቆይታለች። ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ሻሽና ሂጃብ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ተያያዘና ሱቋ ከነዕቃዋ ነደደች። ጎረቤቱ ውሃ ይዞ ሲሯሯጥ፣ ሀፊሳ እጇን አናቷ ላይ ጭና «አጃኢብ! አጃኢብ ያረቢ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

በሳምንቱ እህቷ ጣይባ ስልኳን ይዛ እያመነታች መጣች። ስልኩ ላይ በተለቀቀው ቪዲዮ የሀፊሳ ፊት ብቻ ይታያል፤ ከጀርባው የሳቅ ድምፅ ገብቶበታል፤ ከላይ «የወሎ ሰው ሲደነቅ» ተብሎ ተጽፏል። እሳቱ የለም። አገር ምድሩ ስቆበታል።

የሀፊሳ ደም ፈላ። የቀረጸው ወንድሜነህ መሆኑን ጣይባ ነገረቻት፤ ከሱቋ ፊት ለፊት ሻይ የሚጠጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለእናቱ ሻሽ ከእሷ የገዛው ልጅ። ሻይ ቤቱ ድረስ ሄዳ ቆመችበት።

«እሳቱን የት አደረስከው?»

«እትዬ ሀፊሳ፣ ለክፋት አይደለም እኮ። አጃኢብ ሲባል በዘፈን ነው የምሰማው፤ የደስታ ቃል መስሎኝ...»

«እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድም አጃኢብ ነው፣ ሬሳ ሲወጣም አጃኢብ ነው! የሰው አቅም ሲያልቅ ነገሩን ለአላህ የምንሰጥበት ነው። ቃሉንስ አታውቅ፣ እሳቱንም አላየህም?»

ልጁ አቀረቀረ። «እሳቱ ካለበት ሰው አይስቅም ብዬ ቆረጥኩት።»

ይሄ ይብስ አንገበገባት። «እንግዲያው ያልቆረጥከውን አሁኑኑ ልቀቀው!»

እዚያው ፊቷ ለቀቀው፤ የፊተኛውንም አጠፋው። የፊተኛውን ግን ስንቱ ቀድቶ ወስዶታል። ሙሉውን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው።

ብረት በያጁ ጎረቤቷ ገብረዝጊ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ጥጉን ያዢ» ብሎ ከደጁ ቦታ ለቀቀላት። እህትማማቾቹ ጥቂት ሻሽ አምጥተው ዘረጉ። መጀመሪያ የመጣችው ገዢ አንዲት ወጣት ነበረች። አረንጓዴ ሻሽ መርጣ እንደያዘች ሀፊሳን አተኩራ አየቻትና ሳቋ አመለጣት።

«አንቺ ነሽ እንዴ! እስቲ አንዴ አጃኢብ በይልኝ።»

ሀፊሳ ሻሹን ከእጇ ወሰደችና አጣጥፋ ከቦታው መለሰችው።

«ለአንቺ የምሸጠው የለኝም።»

ጣይባ «የመጀመሪያ ገበያችን እኮ ነው» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ሀፊሳ ክንዷን አስለቅቃ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ሌላ ገዢ ትጠብቅ ጀመር።