የተቀባው እጅ

የኤርሳዶ ቀኝ እጅ ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ ሲይዝ ይተዋል። ብርጭቆ ሲያነሳበት ጸጥ ይላል። ጉልበቱ ላይ ሲያሳርፈው ግን አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የማይታይ ጥጥ እንደሚፈትሉ ይፋተጋሉ። በሰው ራስ ላይ ሲጭነው ደግሞ መጀመሪያ ዝም ይልና፣ እዚያው ረግቶ ሲቆይ ይጀምረዋል። ያን ጊዜ ጉርድ ሾላ ያለው የቆርቆሮ አዳራሽ በጩኸት ይሞላል። መጋቢ ነህምያ ማይክራፎኑን አፉ ላይ ደቅኖ «መጣ! ቅባቱ መጣ!» ይላል።

ነህምያ ለኤርሳዶ ከእናት ልጅ ይበልጥበታል። በደርግ ጊዜ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው አብረው ታሰሩ። ኤርሳዶን እጆቹን የኋሊት አስረው ሰቀሉት። ሲያወርዱት ክንዶቹ እንደ ራሰ ጨርቅ ተንጠልጥለው ቀሩ። እስኪመለሱለት ድረስ ያጎረሰው፣ ፊቱን ያጠበው፣ ሽንት ቤት ደግፎ ወስዶ ሱሪውን ያስታጠቀው ነህምያ ነው። እንዲህ ያደረገልህን ሰው አትጠራጠርም። ኤርሳዶም አልተጠራጠረም።

ከእስር ሲወጡ ኤርሳዶ ቦሌ ሚካኤል ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግንበት አንዲት ክፍል ከፈተ፤ ነህምያ መጋቢ ሆነ። ደርግ ወድቆ ያን ጊዜ ያሰቀለው መርማሪ ለፍርድ ሲቀርብ ኤርሳዶ ለምስክርነት ተጠራ። ቀርቦ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ድምፁ አልተሰበረም። መርማሪው ቁልፉ የወለቀ ሹራብ ለብሶ፣ መነጽር ሰክቶ ተቀምጧል፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ይመስላል። ኤርሳዶ ቤቱ ገብቶ ራቱን በላና ተኛ። በሳምንቱ አንድ ጣቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አፈረ። ሰውየው ፊት ያልፈራ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ ጣቱ ይፍራ? እጁን ኪሱ ከትቶ ነህምያ ዘንድ ሄደ።

«ፈርቼ መሰለኝ» አለው።

ነህምያ እጁን በሁለት መዳፉ ይዞ አየው። ፊቱ ሲገረጣ ኤርሳዶ አስተውሏል፤ መንፈስ የነካው መስሎት ነበር።

«ፍርሃት አይደለም፣ ኤርሴ» አለ። «የተሰቀለውን እጅ ጌታ ሲቀባው ነው።»

እንዲህ ያለ ቃል ማን ይጠላል? «ፈሪ ነህ» ከመባልና «ተቀብተሃል» ከመባል አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው፣ «ወይስ ታምሜ ይሆን?» ብሎ ሦስተኛ አይፈልግም። ነህምያ «ይህ እጅ ከእንግዲህ ብረት አይነካም» ሲለው ሱቁን ዘጋ። ሚስቱ ስመኝ ከኋላ ወንበር ተነስታ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች፤ ቀድሞ ሰላም የማይሏት ሴቶች «እህት ስመኝ፣ እኛንም አስቢን» ማለት ጀመሩ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ወርቄ መጣች።

ወርቄ የነህምያ ታላቅ እህት ናት። ዓይኗን ልትታከም ከዱራሜ መጥታ፣ ወንድሟ ለስብከት ከከተማ ስለወጣ እነ ኤርሳዶ ቤት ምሳ ተጋበዘች። ስመኝ ቆጮና ጎመን አቀረበች።

«የአዲስ አበባ ቆጮ!» አለች ወርቄ እየቆረሰች። «እንጀራ መሆን አምሮት የቀረ ነገር።»

ሳቁ። እየሳቁ ሳለ ዓይኗ ኤርሳዶ ጉልበት ላይ ወደቀ፤ ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ።

«ውይ! አንተም እንደ አባታችን?»

«የቱ አባታችሁ?»

«ስንት አባት አለኝ? የወለደኝ ነዋ! እንዲህ፣ እንዲህ ሲያደርገው...» ሁለት ጣቶቿን አፋተገች፤ ልክ እንደ እሱ። «መጀመሪያ ጣቱ ነበር። ከዚያ አካሄዱ ተጎተተ፤ በኋላ ፊቱ ደረቀ፣ ስንስቅ አይስቅም። እስኪሞት ሸሚዙን የሚቆልፍለት ነህምያ ነው። ሐኪም ቤት ያመላለሰውም እሱ። የበሽታው ስም እንኳ ከኛ ሁሉ እሱ አፍ ላይ ነው የሚገባው... ፓርኪንሰን። አልነገረህም?»

«የሱ ግን ቅባት ነው፣ እህቴ» አለች ስመኝ ቶሎ ብላ።

«ቅባት?» ወርቄ ሳቀች። «እንግዲያ አባቴን ነቢይነቱን ሳናውቅለት ቀብረነዋላ!»

የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ወርቄ ሁለቱንም አየቻቸው፤ የገባት ያኔ ነው። «ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ» ብላ ወደ ቆጮዋ አቀረቀረች።

በማግስቱ ኤርሳዶ ከስመኝ ጋር ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አራመደው። «ግራ እጅዎ ይወዛወዛል፤ ቀኙ አብሮዎት አይሄድም» አለው። ከዚያ «ማሽተት ያቆሙት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ምን አገናኘው ሊል ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። ገና ሱቁ ሳለ፣ ከፍርድ ቤቱም በፊት፣ የደንበኛ ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ተቃጥሎ ምንም አልሸተተውም ነበር። ደንበኛው «አፍንጫህን መያዣ ሰጥተኸዋል እንዴ?» ብሎ ቀልዶበታል።

«እስሩ ነው ያመጣብኝ? ወይስ ያን ሰው ማየቴ?»

«በሽታው ከፍርድ ቤቱ በፊት ጀምሯል። ጭንቀት ተደብቆ የነበረውን ያወጣዋል፤ ያለውንም ያባብሰዋል። ፈጠረው ወይ ቢሉኝ ግን አላውቅም። በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰውም አላጋጠመኝም።» ክኒን አዘዘለት። «አያድንም፤ ግን እጅዎን ያሠራዎታል። ቀደም ብለው ቢመጡ ሥራዎን ባልተዉ ነበር።»

ስመኝ አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች።

ነህምያ ሲመለስ ኤርሳዶ አዳራሹ ጓሮ ካለችው ቢሮው ድረስ ሄደ፤ አልተቀመጠም።

«አባትህ በምን ሞተ?»

ነህምያ መነጽሩን አወለቀ። «ወርቄ እናንተ ቤት በልታለች ማለት ነው።»

«ታውቅ ነበር።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«እጄን የያዝክ ዕለት አውቀሃል። ፊትህ ሲገረጣ አይቻለሁ።»

«ምን ልበልህ ነበር፣ ኤርሴ? አባቴ ዓይኔ እያየ እንደ እንጨት ደርቆ ሞተ። ከዚያ ሁሉ መከራ የወጣህን ሰው፣ አንተም እንደሱ ትሆናለህ ልበልህ?»

«ሐኪም ጋ ሂድ በለኝ!»

«ደስ ብሎህ ነበር። ሰዎችም ተፈውሰዋል...»

«በኔ በሽታ?»

ኤርሳዶ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «ሱቄን አዘጋኸኝ። አሁን ለሕዝቡ አንተው ንገር። በአፍህ የሰቀልከኝን በአፍህ አውርደኝ።»

የነህምያ ዓይን እንባ አቀረረ። «የፊታችን ትልቁ ጉባኤ ይለፍ። በሚቀጥለው እሁድ በራሴ አፍ እናገራለሁ።»

ኤርሳዶ አመነው። ያጎረሰው እጅ ነው፣ ምን ያድርግ?

ቤት ሲነግራት ስመኝ «ምን አስቸኮለህ?» አለችው። «ክኒንህን ዋጥ፣ እጅህንም ጫን። ማን ከለከለህ?»

ክኒኑን ዋጠ። ጉባኤው እስኪያልፍ እጁ እየሰከነ መጣ። አንድ ቀን የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቶ ትንሿን ብሎን ሳትወድቅበት መልሶ አሰራት፤ ዜናው ሲሰማ እንደ ልጅ ጮኸ። የሱቋ ክፍል አሁንም የሚከራይ መሆኑን ጠይቆ መጣ።

እሁዱ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ነህምያ ኤርሳዶን ወደ መድረኩ ጠርቶ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ኤርሳዶ የክንዱ ክብደት ደስ አለው።

«ቅዱሳን» አለ ነህምያ። «ወንድማችንን ጠላት ተዋግቶታል። ሐኪም ዘንድ ወስዶ፣ ጌታ የሰጠውን በሽታ ነው ብሎ ስም አወጣለት። በክኒን ቅባቱን ሊያቀዘቅዝ ፈልጓል። ዛሬ ለሱ እንጮኻለን!»

ለመረዳት ጊዜ ፈጀበት። ሲገባው ኤርሳዶ ማይክራፎኑን ነጠቀው።

«ፓርኪንሰን ይባላል!» አለ። «በሽታ ነው። የዚህ ሰው አባት በሱ ነው የሞተው፤ ያውቃል። አንቺ እህቴ...» ከፊት የቆመች አንገቷ ያበጠ ሴት ነበረች፤ አዝመራ ትባላለች፣ ለሱ ብላ ከሩቅ አገር የመጣች። «አንገትሽን ሐኪም ይየው። እኔ ምንም የለኝም።»

አዝመራ አልተንቀሳቀሰችም። «ግድ የለም ጋሼ፤ ክኒኑን ለዛሬ ይተዉትና ይጫኑብኝ።»

ሰው አጉተመተመ። ኤርሳዶ ወደ ነህምያ ዞረ። ነህምያ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ የዚያን የእስር ቤት ዘመን ፊት አድርጎ። ያን ፊት ሲያይ አንድ ነገር ትከሻውን ወርዶ ቀኝ እጁን ያዘው። እጁ ተንዘፈዘፈ፤ ክኒኑ እንዳልተዋጠ ሁሉ፣ ከመቼውም በከፋ። በግራው ሊይዘው ሞከረ፤ አልያዝ አለው።

«መጣ!» አለ አንድ ሰው።

«መጣ! መጣ!» አዳራሹ ተነሳ። አዝመራ ሮጣ ራሷን ከእጁ ሥር አስገባች። ነህምያ ዓይኑን ገለጠና እጁን አየ፤ ያኔ እንደገረጣው ገረጣ። ሆኖም ማይክራፎኑን መልሶ ወሰደ። «ሃሌሉያ!» አለ።

ኤርሳዶ ስመኝን ፈለገ። ሐኪሙን በጆሮዋ የሰማች እሷ ብቻ ናት። ከፊት ረድፍ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «አሜን» ትላለች።

እጁን ከአዝመራ ራስ ላይ አንስቶ በሰዉ መሃል ሰንጥቆ ወጣ። ሲያልፍ ኮቱን የነኩት ነበሩ።

አስፋልቱ ጋ ታክሲ ያዘ፤ ወደ ቦሌ ሚካኤል፣ ሱቋ ወዳለችበት። አጠገቡ የሲሚንቶ አቧራ የለበሰ ጎልማሳ ተቀምጧል። የኤርሳዶ እጅ ጭኑ ላይ ይፈትላል። ሰውየው አየውና መስኮቱን ዘጋ።

«በረደዎት እንዴ ጋሼ?»

«አይ፤ በሽታ ነው።»

«እግዜር ይማርዎት» አለ ሰውየው፤ ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀለት።