የሻለቃው ዐሥረኛ ፊት

ሻለቃው ጓዶቹን ሊከዳ መሆኑን ከተመልካች ሁሉ ቀድሞ ያወቀው አንድ አሻንጉሊት ቀራጺ ነው። የጠፈር ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከመድረሱ ከዓመት በፊት አሻንጉሊቱ መሠራት ስላለበት፣ ምስጢሩ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለማንም ላይናገር ፈርሟል። በወሬኛነት የሚታማ ሰውም አይደለም፤ የገዛ ራሱን ጉዳይ እንኳ ለእህቱ ሳይነግር ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የቅርጽ ክፍሉን ጠቅልሎ ወደ ሩቅ ከተማ ሊወስደው ነው፤ የሚሄድ ይሄዳል፣ የማይሄድ ይሰናበታል። እሱ እሄዳለሁ ብሎ ፈርሟል። እታለም የሚላት ታላቅ እህቱ ደግሞ ዐይኗ እየደከመ መጥቶ፣ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የቀራት የለም። አብራት እንድትኖር የአክስታቸውን ልጅ በስልክ ለምኖ አሳምኗል። የቀረው መንገር ብቻ ነበር፤ ፊቷ ሲቀመጥ ግን ሌላ ወሬ ያነሳል።

ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ፣ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባታቸው አንድ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። እሷ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወገቧን ታጥቃ ሲኒማ ቤት ቲኬት ቆራጭ ሆነች፤ ልጁን የምትጥልበት ስታጣ የኋላ ወንበር ላይ ወሽቃው ትውላለች። የመጀመሪያውን የሻለቃውን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየው እሱም አያውቀው። ያ ሻለቃ ትከሻው በር የሚያህል፣ ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነበር። አባባስ መቼ ነው የሚመጣው ሲላት፣ እንደ ሻለቃው ሩቅ ሄዷል፣ ሥራውን ሲጨርስ ይመጣል ትለው ነበር። ውሸት መሆኑን ያወቀው ጢም ካበቀለ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሻለቃው ያልሆነው የለም። ቀራጺው ፋብሪካ በገባበት በሦስተኛው ፊልም ቀልደኛ አደረጉት፤ ከንፈሩ በአንድ በኩል ሰቀል አለ። በአምስተኛው ሚስቱ ሞታ ሐዘንተኛ ሆነ። በሰባተኛው ጡንቻ ተፈለገ፣ ደረቱ አልገባ ብሎ ካርቶኑ ተለወጠ። በዘጠነኛው በራሱ የማይተማመን ሽማግሌ ሆኖ ዐረፈው። የገዢው አምሮት በተለወጠ ቁጥር ጀግናውም ይለወጣል፤ ቀራጺው ሳያጉረመርም ፊት ይቀይርለታል። አሁን በዐሥረኛው ጀግናዋ አንዲት ወጣት መካኒክ ናት፤ ሻለቃው ጓዶቹን የተሰበረች መርከብ ላይ ጥሎ ይሸሻል። የመጣለት ትእዛዝ አጭር ነው፤ የሚወደውን ሰው ጥሎ የሚሄድ ሰው ፊት ይሁን ይላል።

ሦስት ጊዜ ሠርቶ ላከ፤ አሁንም ጥሩ ሰው ይመስላል ተብሎ ሦስት ጊዜ ተመለሰበት። ፊት ሲሠራ ልማዱ ትንሽ መስታወት አቁሞ የራሱን ማየት ነው፤ ለሳቁ ይስቃል፣ ለቁጣው ያጉረጠርጣል፣ ባልደረቦቹም ሲስቁበት ኖረዋል። ለዚህኛው ግን ክህደት ከእኔ ፊት ላይ ምን ሊገኝ ብሎ መስታወቱን ደፍቶት ነበር። በአራተኛው አቀናው። ስለ እታለም እያሰበ ራሱን አየ፤ የሻለቃውን ራስ በሚቀርጽበት፣ ጡጫ በሚያህለው ሰም ላይ እጁ በራሱ ጊዜ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት ሰሙን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደው። ክልክል ነው። እታለም ግን ፊልሙ እስኪደርስ ዐይኔ አይጠብቀኝም፣ ጫፉን እንኳ ንገረኝ እያለች ስትጨቀጭቀው ከርማለች፤ እሱም ማስዳሰስ መናገር አይደለም ብሎ ራሱን አታለለ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የታጠቡ ሸሚዞቹን ስታጥፍ አገኛትና ጨርቁን ፈትቶ ሰሙን እጇ ላይ አኖረላት።

«ሻለቃው ነው?» አለች ፊቷ እየበራ።

በአውራ ጣቷ ከግንባሩ ጀመረች፤ ወደ ቅንድቡ ወረደች፣ ከዚያ ወደ ከንፈሩ ዳር። እዚያ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ተመልሳ ከግንባሩ ጀምራ ደገመችው። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ይሄ አባባ ነው» አለች።

ቀራጺው የአባቱን መልክ አያስታውስም፤ የነበሩትንም ፎቶዎች ያቃጠለቻቸው እሷው ናት። የማላውቀውን ሰው እንዴት አድርጌ እሠራለሁ አላት።

«በር ላይ ቆሞ ዞር ብሎ ያየኝ እንዲህ ሆኖ ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ከፊቴ አልጠፋም። ከየት አመጣኸው?»

«ከመስታወት» አለ።

እታለም ሰሙን ጭኗ ላይ አኖረችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የሱን ፊት ያዘች፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ የከንፈሩን ዳር፣ ሰሙን በዳሰሰችበት ተራ። ሊሸሻት ፈለገ፤ ግን ፊቱን እጇ ላይ ተወው።

«መቼ ነው የምትሄደው፣ ማሙሽ?»

የአርባ ስምንት ዓመት ሰውዬ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «በሚቀጥለው ወር» አላት። ስለ አክስታቸው ልጅ ሊነግራት ጀምሮ አፍሮ ተወው። አልሄድም ሊላት አፉን ከፈተ፤ ውሸት እንደሚሆን ስላወቀ እሱንም ተወው።

እሷ ሰሙን እንዳይጨፈለቅ ተጠንቅቃ በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው።

«ከእንግዲህ አትነካካው፤ ልክ ነው» አለችው።

ከዚያ ወደ ልብሱ ዞረች። ወፍራሙን ሹራቡን በእጇ ፈልጋ ለብቻው አስቀመጠችና፣ የሚሄድበት ከተማ ይበርድ እንደሆነ ጠየቀችው።