የታችኛው ድምፅ የእሱ ነበር

ኪቦርዲስቷ ለብዙ ዓመት ግራ እጇን ወደ ታች ሰድዳ አታውቅም ነበር። በምትሠራበት ሆቴል ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ኪቦርዷን ዘርግታ ስትጫወት ሁለቱም እጆቿ መሐል ላይ ተጠጋግተው ነው የሚውሉት። የኮርዱን ሥር፣ ማለትም አንድ ላይ ለሚመቱት ድምፆች ስም የሚሰጠውን የታችኛውን ድምፅ፣ አትነካም። እሱ የጎምላላው ድርሻ ነው።

ጎምላላው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ነው። ቁመቱ ሎጋ፣ አረማመዱ ቀብረር ያለ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። መጀመሪያ አብረው የሠሩ ዕለት ሥሩን በግራ እጇ ደርባ ስትመታበት ጊታሩን አቆመና፣

«እመቤት፣ እኔ ምድር ቤት ነው የምኖረው፤ አንቺ ፎቅ ላይ ነሽ። ምን ልትሠሪ ወረድሽብኝ?» አላት።

ሳቀች። ከዚያ ወዲያም አልወረደችም። እሷ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ትይዛለች፤ ሲያሻት ዘጠነኛውን ጣል ታደርግበታለች፤ እሱ ከሥር ያቆመዋል። ለብቻው ቢሰሙት የእሷ ኮርድ አየር ላይ የተንጠለጠለ፣ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ ነገር ነው። የእሱ ጣት ሲያርፍ ግን መልክ ይይዛል።

ከሙዚቃ ውጭ እምብዛም አያወሩም። እሱ ባለትዳር፣ የልጅ አባት። እሷ አላገባች፣ አልወለደች፤ እናቷን አስታምማ ከቀበረች ወዲህ ቤቷ ስትገባ የሚቀበላት የማቀዝቀዣው ማጉረምረም ብቻ ነው። ዕረፍት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» ይላል፤ «ብሏል» ትላለች። አለቀ። ቢሆንም በዚህ ዓለም ላይ ቀጥሎ ምን እንደምትል ነቅቶ የሚጠብቃት ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

አንድ ቀን ጎምላላው ሶል መምታት ሲገባው ሬ ፍላት መታ። እሷ የያዘችው ሲና ፋን ነበር። ደግነቱ እነዚህ ሁለት ድምፆች ለሶልም ለሬ ፍላትም ይሆናሉና ስህተቱ እንደ ጥበብ ተቆጠረ፤ እንዲያውም አንድ እንግዳ አጨበጨበ። እሷም አውቆ ያደረገው መስሏት ቀና ብላ ፈገግ አለችለት። እሱ አላያትም። ጊታሩን ሆዱ ላይ ለጥፎ፣ ከግድግዳ ማዶ የሚያወራ ሰው እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ ሳተ፤ በዚህኛው ድምፆቹ አልተስማሙም። አስተናጋጁ ከኋላው ደጋግሞ ጠርቶት ሳይዞር ሲቀር ነገሩ ገባት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነበር፤ በጎምላላው ላይ ግን ቃል በቃል ደረሰ።

ሳትነግረው አጨዋወቷን ቀየረች። ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ትዘገይና እሱ የት እንዳረፈ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ያረፈበትን ድምፅ ትክክል የሚያደርግለትን ከላይ ትፈልግለታለች። የሳተው ሥር ሌላ ኮርድ ይሆንና ዜማው በሌላ በር ወጥቶ ይመለሳል። ሥሩን እሷም ይዛው ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተጋጭተው ገመናው አደባባይ ይወጣ ነበር። ባለመያዟ ሸፈነችው። ድካሙ ግን ቀላል አልነበረም፤ ከመቀመጫዋ ስትነሳ ትከሻዋ እንደ እንጨት ደርቆ ነው። እንግዶች «እናንተማ እያደር ትረቅቃላችሁ» ይሏቸዋል። እሷ አንገቷን ትደፋለች። እሱም የሰማ ይመስል ራሱን ይነቀንቃል።

እንዲህ እያደረጉ አንድ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ጎምላላው ከሥራ ቀረ። በማግስቱም አልመጣም።

«ሚስታቸው ደውለው ለቀዋል ብለውናል እኮ» አላት ሥራ አስኪያጁ። «እሳቸው ለእርስዎ አልነገሩዎትም እንዴ፣ እትዬ?»

«ነግሮኛል» አለች፤ ዋሸች።

ሥራ አስኪያጁ «ሙዚቃው ሳሳ» ብሎ ቤዝ የሚጫወት ማሽን አስገዛ። ማሽኑ አይስትም። ማንንም አይጠብቅም፤ ብትዘገይም ብትፈጥንም ጉዳዩ አይደለም፣ መንገዱን ይሄዳል። ዕረፍት ላይ ሻይዋን ይዛ ከአጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ላለማየት ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

ሥራ በሌለባት ቀን አድራሻውን ጠይቃ ሄደች። የጎምላላው ሚስት በሩን ከፈተችላትና ግቢ ውስጥ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«በቀኝ በኩል ሆነሽ ጮክ ብለሽ አናግሪው፣ እህቴ። ግራው ጨርሶ ሄዷል» አለቻትና የታጠበ ልብስ ወደ ማስጣቷ ተመለሰች።

ጎምላላው ወጣ። ነጠላ ጫማ አድርጎ እንኳን አረማመዱ ያው ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?» ብላ ጮኸች። በሹክሹክታ ሊባል የሚገባው ነገር ግቢውን ሞላው።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ክው አለች። «ምኑን?»

«ተይ እንጂ። ነገር በዓይን ይገባል። ስንት ዘመን እጅሽ ከእኔ እጅ ይቀድም ነበር። አምና ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፤ ሲጠብቀኝ አየሁት። ሰው የሚጠበቀው ሲደክም ነው።»

«እና ካወቅክ ለምን ያኔውኑ አልተውክም?»

ጎምላላው የጠረጴዛውን ላስቲክ ጫፍ በጣቱ አሻሸ። «ብተው ከማን ጋር ትጫወታለች ብዬ ነዋ። በኋላ ግን ስትነሺ ትከሻሽን ስታሺ አየሁሽ። እኔን ተሸክመሽ መሆኑ ገባኝ።»

«ብነግርህ ትሄድብኛለህ ብዬ ነው፤ አንተ ከሄድክ ደግሞ ማንም የለኝም» ልትለው ፈልጋ ነበር። ሚስቱ ከወዲያ አንሶላ ታራግፋለች። እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት አይወጣም።

እሱ ተነስቶ ገባና ጊታሩን ይዞ ተመለሰ። ማጉያ የለው፣ ገመድ የለው። «እስቲ መጀመሪያ የምንከፍትባትን ዜማ» አላት።

«በምን?»

ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። አፈረች፤ ቢሆንም እጆቿን ላስቲኩ ላይ አኖረች። የእሷ ጣቶች ድምፅ አልባ ናቸው። የእሱ ክር ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይርገበገባል፤ የምትሰማውም እሷ ብቻ ናት። እሱ ዓይኑን ከእጆቿ ሳይነቅል ተከተላት። መሐል ላይ ግን ሳተ፤ ጣቶቿም ሳታስባቸው ተነስተው የሳተውን ወደሚያስማማው ቦታ ዘለሉ።

«አየሽ! አየሽ!» ብሎ ጊታሩን ትቶ አጨበጨበ። «ጠረጴዛ ላይም ትሸፍኚኛለሽ!»

ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሚስቱ ልብሱን እንደያዘች መጥታ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀች። ማስረዳት አቃታቸው።

ከዚያ በኋላ በዕረፍት ቀኗ እየሄደች ጠረጴዛው ላይ ይጫወቱ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ሴት ልጁ «እኔ ጋ ሆናችሁ ልጡራችሁ» ብላ አባትና እናቷን ወደምትሠራበት ከተማ ወሰደቻቸው። ስልክ ቢደወልለት አይሰማ። ኪቦርዲስቷ ለሚስቱ ትደውላለች፤ ሚስቱ «ሰላም ብሎሻል» ትላታለች፤ እሷም «አንቺም ሰላም በይልኝ» ትላለች።

ማሽኑን እንዲያነሳላት ሥራ አስኪያጁን ለመነችው። ሥሩን በግራ እጇ መያዝ እንደ ጀማሪ ተማረች። መጀመሪያ እጇ ከብዶ ያስቸግራት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ለመደ። አሁን የሚጎድል ድምፅ የለም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ግራ እጇ ሊወርድ ሲል ሳታስበው ያዝ ታደርገዋለች።

አንድ አመሻሽ ላይ ድሮ ይመጣ የነበረ እንግዳ ጠጋ ብሎ፣ «ያ ረጅሙ ሰውዬስ?» አላት።

«ልጁ ጋ ሄደ።»

«እውነት? ያለ እሱም እኮ ሙዚቃው ሙሉ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለችና የሚቀጥለውን ጀመረች።