በጉባኤ ቤቱ ላይ የተቀየሰው መንገድ

ሰብለ በታች ጋይንት ባለች አንዲት ጤና ኬላ ትሠራለች። አባቷ መሪጌታ ደጉ በዚያው ቀበሌ አርባ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። አባትና ልጅ በሰው ፊት ተከራክረው የሚያውቁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በመንገዱ ምክንያት።

በጥር፣ ከሚካኤል ማግስት፣ አገሬው ለስብሰባ ተጠራ። ከመንገድ ሥራ የመጣ መሐንዲስ አውቶቡስ የሚያስኬድ ሰፊ አስፋልት እንደሚሠራ ተናገረና ካርታውን ዘረጋ። መስመሩ መሪጌታ ቅኔ በሚያስተምሩበት ጉባኤ ቤትና በተማሪዎቹ ጎጆዎች ላይ ያልፋል።

መሪጌታ ተነሡ።

«መንገድ አያስፈልግም አላልሁም» አሉ። «የእግር መንገዱን አስፉልን፤ ወንዙ ላይ ድልድይ ጣሉልን። በቀን አንዴ ለሚያልፍ አውቶቡስ ይኼ ሁሉ ተራራ ይናዳል? ጎጆስ ይሠራል፤ ጉባኤ አንዴ ከተበተነ ማን ይሰበስበዋል?»

ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው» ሲሉ ሰብለ እጇን አወጣች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። አምና ክረምት የጣሰውን ሚስት አዛለችን በቃሬዛ ስናወርድ ገደሉ ላይ እጄን እንደያዘች አረፈች። ልጁም በሆዷ ቀረ። አምቡላንሱ እታች ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እኔ አስፋልቱ ይምጣ ነው የምለው።»

ጣሰው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ድምፅ ሲሰጥ ከጥቂት ሰዎች በቀር ሁሉም መንገዱን ደገፈ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ለፋሲካ ጉባኤ ቤቱና ጎጆዎቹ ፈረሱ። ተማሪዎቹ አኮፋዳቸውን አንግተው ገሚሱ ወደ ስማዳ፣ ገሚሱ ወደ እስቴ ሄደ። አራቱ ብቻ «የኔታን ጥለን አንሄድም» ብለው ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር መማር ቀጠሉ።

ዶዘሩ ተራራውን ለሁለት ወር ቆረጠው። ከዚያ በአካባቢው ተኩስ ተሰማና ሠራተኞቹ ማሽናቸውን ጭነው ወጡ፤ አልተመለሱም። ክረምቱ ሲከብድ የተቆረጠው አፋፍ ተንዶ የገብሱን ማሳና የድሮውን የእግር መንገድ አብሮ ቀበረው።

በነሐሴ አማረች የምትባል ሴት ምጥ ጠናባት። አራቱ ተማሪዎች ከጣሰው ጋር ሆነው ቃሬዛውን ተሸከሙ፤ ሰብለም አብራቸው ወረደች፤ ናዳውን ለመዞር ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። አማረች ተረፈች፤ ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ።

ሰብለ ጭቃ እንደለበሰች አባቷ ቤት ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ሰውን ለመንገዱ እጅ ያስወጣሁት» አለች።

«ዛሬ ስብሰባ ቢጠራ ምን ትያለሽ?» ሲሉ መሪጌታ ጠየቋት።

«ይምጣ ነው የምለው።» ማልቀስ ጀመረች። «ምን ልበል ታዲያ?»

«እኔም አስፋልቱ ይቅር ነው የምለው» አሉ መሪጌታ። ተነሥተው እግሯን የምትታጠብበት ውኃ አቀረቡላት። «ኧረ አባቴ፣ እርስዎ አይሆንም!» ብትላቸውም እምቢ አሉ።

በማግስቱ መሪጌታ ዶማ ይዘው ወደ ናዳው ወረዱ። ጣሰው አይቷቸው ተከተለ፤ ከቀትር በኋላ ከሃያ የሚበልጥ ሰው ይቆፍር ነበር። ሰብለም ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ድንጋይ ታነሣ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን አንድ ቃሬዛ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ወጣ። በአሥረኛው ቀን ዝናብ ጣለና ግማሹን መልሶ ወሰደው፤ እንደገና ወረዱ።