የሚጢ አገጭ

ልብስ ሰፊው ከሥራ በሚተርፈው ቁርጥራጭ ለልጁ የአንገት ጨርቅ ሲሰፋላት ዓመታት አልፈዋል። ልጁ ሚጢ ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ስለተጎዳ ጡንቻዎቿ አይታዘዙላትም፤ አትራመድም፣ አትናገርም። ምራቋንም በወጉ ስለማትውጥ ለሃጯ እንደ ጉድ ይወርዳል። ነገር ግን የሚነገራት ሁሉ ጥርት ብሎ ይገባታል፤ «አዎ» ለማለት ዓይኗን ወደ ላይ ትሰቅላለች፣ «አይ» ለማለት ትጨፍናለች።

ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ አጠገቧ መቀመጥ ጠሉ። እናቷ አንጀቷ አረረና ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሟ ምራቅ የሚቀንስ ሽሮፕ አዘዘችላት።

ብዙም ሳይቆይ አገጯ ደረቀ። ከሩቅ «እንዴት ናት?» ይል የነበረ ጎረቤት ሁሉ አገላብጦ ሳማት። እናቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች። አባትየው ግን ግራ ገባው። በሳቋ ቤቱን የምታናጋው ልጅ ጭጭ አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ምግብ ጉሮሮዋን ይይዛት ጀመር፣ ሆዷም ደረቀ።

«ይሄ መድኃኒት ልጄን ቀማኝ እንዴ?» አለ።

«ሰው እንደ ሰው ሲያያት ከፋህ?» አለችው ሚስቱ።

እውነትም ሲስሟት ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈረው።

«ራሷን ለምን አንጠይቃትም?» አለ በመጨረሻ። እስካሁን የጠየቃት አልነበረም። ተንበረከከላት። «የኔ እናት፣ መድኃኒቱን እንተውልሽ?»

ሚጢ ዓይኗን ሰቀለች።

«ይኸው!»

እናቷ ገፋ አደረገችው። «ሚጢዬ፣ ትምህርት ቤት ስትሄጂ አገጭሽ እንዲደርቅልሽ ትፈልጊያለሽ?»

ሚጢ አሁንም ሰቀለች።

ባልና ሚስት ተያዩ። ደግመው ጠየቁ፤ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ዓይኗን ጭፍን አደረገች፤ «አይ» ማለቷ ይሁን ስልችት ብሏት፣ ሁለቱም አላወቁም።

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ «እኔም ብሆን ሁለቱንም ነበር የምፈልገው» አለችና የሽሮፑን መጠን ቀነሰች። የሚጢ አንገት ቀና እንዲል ወንበሯን አስተካከለች፤ ስትመገብም ከንፈሯን ገጥማ እንድትውጥ አገጯን በጣት ደገፍ ማድረግን አሳየቻቸው።

ሳቋ ተመለሰ፤ ለሃጯም በከፊል። አንዲት የክፍሏ ልጅ አጠገቧ መቀመጥ ጀምራለች። አገጯ ደረቅ ስላለላት ይሁን ስለምትስቅ፣ አባትየው እስከ ዛሬ አልገባውም።